ማሳን በትስስር ማየት፤ ከዲከረንስ ምን እንማራለን?

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፣ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ርዕሳችን በባለሙያ ቋንቋ «የሥርዓት እይታ» ይባላል። ስሙ ቢከብድም ነገሩ የእናንተው ነው፤ አፈር፣ ከብት፣ ዛፍ፣ ጉልበትና ገበያ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚጎትት ማየት ማለት ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ አፈርን ለብቻ፣ ሰብልን ለብቻ፣ ከብትን ለብቻ ነበር የተማርነው። ሁሉም አንድ ላይ የሚገናኙት ግን በእናንተ ማሳና ግቢ ነው።

ዲከረንስን እንውሰድ። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት እምቢ ሲል ብዙ አርሶ አደር ማሳውን ወደ ዲከረንስ አዞረ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ለከብት ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል። ችግኝ የሚያፈላው፣ የሚያከስለው ወጣት፣ ጆንያ የሚጭነው፣ ሣር የሚገዛው ሁሉ እንጀራው ከዚሁ ዛፍ ጋር ተያያዘ። እውነቱን ለመናገር ይህን ዑደት በስፋት ያስኬደው አርሶ አደሩ ነው፤ እኛ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነበርን።

ባለፉት ዓመታት ዋግ መሰል በሽታ ሲገባስ? ዛፉ አንድ ዓይነት፣ ማሳው ከማሳ የተያያዘ ስለሆነ በሽታው መንገዱን አላጣም። የደረቀውም ዛፍ ብቻ አይደለም። ማገዶ ሲጠፋ ኩበቱ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ኩበቱ ምድጃ ሲገባ ማሳው ፍግ ያጣል። ማሳው ሲደክም ገለባውም ያንሳል፤ ገለባ ሲያንስ ከብቱ ይቀንሳል፤ ከብት ሲቀንስ ደግሞ ኩበቱ ራሱ ያንሳል። ይህን ክብ በደንብ የሚያውቁት ምድጃው ዘንድ ያሉት እናቶች ናቸው። ስለዚህ ወደዚህ ሥልጠና ባል ብቻውን ሲመጣ ግማሹ እውቀት ቤት ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ በተመታው ማሳ ላይ ምን እንትከል፣ ምን እንዝራ እያላችሁ ነው። መልሱን በአዳራሽ ቁጭ ብለን፣ አበል ፈርመን አናገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1989 በኢንዶኔዥያ የአርሶ አደር የመስክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ችግሩ ተመሳሳይ ነበር። የሩዝ አርሶ አደሮች ተባይ ለመግደል መድኃኒት ይረጫሉ፤ መድኃኒቱ ተባዩን የሚበላውን ሸረሪትም ይገድላል፤ ተባዩ መልሶ ይበዛል። ይህን በቃል ቢነግሯቸው ማን ያምናል? ተባዩንና ሸረሪቱን አንድ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ማን ማንን እንደሚበላ ራሳቸው አዩ። በየሳምንቱ ማሳ ገብተው ያዩትን ሣሉ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያ ወሰኑ።

እኛም በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላችን እንደዚሁ እናድርግ። አንድ የተመታ ማሳ እንምረጥና በትልቅ ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ እንሣል፤ አንዱ ሌላውን በሚነካበት ሁሉ ቀስት እናድርግ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ጥያቄ እናቅርብ። አንዱ ባሕር ዛፍ ቢል፣ አጠገቡ ያለው የጎረቤት ገብስና ምንጩ ምን ይሆናሉ? ሌላው ኖራ በትኖ ድንች ልትከል ቢል፣ ፍጉ ከየት ይመጣል? በዚያ ወር የሚሠራ ጉልበትስ አለ? ኖራ የተደረገበትንና ያልተደረገበትን ጎን ለጎን እንዝራ፤ ነገር ግን ከመዝራታችን በፊት እያንዳንዱ ሰው የሚጠብቀውን ምርት ይጻፍ። መጻፍ የማይችል በጠጠር ይቁጠር። ግምቱና ምርቱ ሲለያዩ ክርክሩ ያኔ ይጀመራል፤ ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው። ኖራ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ እስኪሠራ ጊዜ ስለሚፈልግ የአንድ መኸር ውጤት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሥራ መልስ መስጠት ሳይሆን ጥያቄውን ማንሳትና የተባለውን መመዝገብ ነው። ይህ ለአንዳንዶቻችን ይከብደናል፤ ማስተማር ለምደናልና።

ለመጀመሪያው ቀን የምንሄደው በበሽታው ወደ ደረቀ ማሳ ነው። ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ፤ ከየማሳችሁ አንድ እፍኝ አፈርና የዘንድሮውን ወጪና ገቢ የያዘውን ደብተር ይዛችሁ። ቡትስ አትርሱ፣ ጭቃ ነው።