አይዳ በቤታችን፦ ስለ አንድ የቆየ ሸክላ

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ጥላሁን ወይም ስለ ማህሙድ እንደምናወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው እሱኑ ነበር። ነገር ግን አንድ ወር በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ወር በአሌክሳንድሪያ እየተሰበሰብን ሙዚቃ የምናዳምጥ የማኅበሩ አባላት ቁጭ ብለን ስንመካከር፣ እስከ ዛሬ ካዳመጥነው ሁሉ የበለጠ ያከራከረን፣ ያስለቀሰንና፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜም ያኮራረፈን አንድ የጣልያን ኦፔራ ሸክላ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ እሱ ነው። ጥላሁን ነፍሱን ይማረውና ይቅር ይበለን።

ሸክላው የጁዜፔ ቬርዲ «አይዳ» ነው። በ1961 ሮም ውስጥ ተቀርጾ በ1962 የወጣው፣ ሦስት ሸክላ በአንድ ካርቶን። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ ይቅርታ አድርጉልን።) ኦርኬስትራውና መዘምራኑ የሮም ኦፔራ ቤት ናቸው። መሪው የሃንጋሪ ተወላጁ ጌኦርግ ሾልቲ ነው፤ ኦርኬስትራውን ይነዳዋል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ዓርብ ማታ ቤልትዌይ ላይ እንደ ገባ ሹፌር ይቸኩላል። ራዳሜስን ካናዳዊው ጆን ቪከርስ፣ አምነሪስን ቤልጂጋዊቷ ሪታ ጎር፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ አሞናስሮን የኒውዮርኩ ሮበርት ሜሪል ይዘፍናሉ። አይዳ የሆነችው ግን ከሚሲሲፒ፣ ከሎረል ከተማ የወጣችው ጥቁር አሜሪካዊት ሌዎንቲን ፕራይስ ናት።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ተማርካ ግብፅ አገር የፈርዖን ልጅ የአምነሪስ ገረድ ሆናለች፤ ማንነቷን ማንም አያውቅም። የምትወደው ሰው ራዳሜስ የግብፅ ጦር አዝማች ሆኖ አባቷን ሊወጋ ይዘምታል። አሸንፎም ይመለሳል፤ ከምርኮኞቹ መካከል አባቷ ንጉሥነቱን ደብቆ ይገኛል። በሦስተኛው ገቢር አባት ልጁን፣ የጦሩን መንገድ ከወዳጅሽ አውጣጪልኝ ይላታል። ታወጣጣለች። ራዳሜስ በክህደት ተፈርዶበት ከነሕይወቱ መቃብር ሲዘጋበት፣ እሷ ቀድማ ገብታ ጨለማው ውስጥ ትጠብቀዋለች። በዚያው ያልቃል።

ይህን ስትሰሙ «የትኛዋ ኢትዮጵያ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኛም ብለናል፤ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረንበታል። የጦሩ መንገድ በናፓታ ገደል በኩል ነው ይባላል፤ ናፓታ ደግሞ ሱዳን ውስጥ የነበረች የጥንት የኩሽ ከተማ ናት። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለ ነበር፣ ታሪኩን የነደፈው ፈረንሳዊው የግብፅ ጥናት ሊቅ ኦጉስት ማሪዬትም በዚያው ሄደ። እንግዲህ በኦፔራው ውስጥ አክሱምን ወይም ላሊበላን የሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

ሥራው የታዘዘው በግብፁ ገዥ በኬዲቭ እስማኤል ሲሆን ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ተከፍሎታል። ብዙ ሰው እንደሚለው ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተሠራ አይደለም፤ ቦዩ የተከፈተው በ1869 ነው። ፓሪስ በጦር ስለ ተከበበች አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ እዚያ ተይዞ ቆየና፣ ኦፔራው ዘግይቶ ካይሮ ላይ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ታየ። አሁን ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ ያው እስማኤል እውነተኛ ጦር ወደ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላከ። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድባቅ መታው። «መድረክ ላይ የተሸነፍነውን ሜዳ ላይ መለስን» ያለው አንድ አባላችን ነው፤ እኛ ጨዋታውን ብቻ ነው ያመጣነው። በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችም ነበሩበት። አንዱ ለደቡቡ ወገን፣ ማለት ባርነት እንዲቀጥል ለተዋጋው ወገን፣ ጄኔራል የነበረው ዊልያም ሎሪንግ ነው። አይዳን በሸክላ የሰጠችን ሴት የተወለደችው በዚያው ደቡብ መሆኑን ስናስብ ፈገግ እንላለን።

ፕራይስ በ1927 ተወለደች፤ አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ፣ እናቷ አዋላጅ ነበሩ። በልጅነቷ ማሪያን አንደርሰን ስትዘፍን ሰምታ ነው ልቧ የተነሣሣው። ይቺ ማሪያን አንደርሰን፣ በ1939 እዚሁ ዋሽንግተን ጥቁር በመሆኗ ኮንስቲትዩሽን ሆል ተከልክላ፣ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ 75,000 በሚሆን ሕዝብ ፊት የዘፈነችው ናት። ፕራይስ ራሷ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የገባችው ሸክላው በተቀረጸበት ዓመት፣ በጃኑዋሪ 1961 ነው፤ ያን ምሽት ጭብጨባው ከ40 ደቂቃ በላይ ቆየ ይባላል። አይዳን ስትሠራ ቆዳዬ ራሱ ልብሴ ነበር የሚል ነገር ተናግራለች። ቀለም ተቀብቶ ኢትዮጵያዊት መሆን ልማድ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ንግግር አልነበረም።

ስለ ኩርፊያው ቃል ገብተናልና እንናገር። አባታቸው በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ አርበኛ ሆነው የወደቁ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ አባታችን አሉ። አሌክሳንድሪያ ላይ ሸክላውን መጀመሪያ ያጫወትን ቀን፣ «የጣልያን ዘፈን ልንሰማ ነው እንዴ የተሰበሰብነው?» ብለው ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ሦስት ወር ቀሩ። ሽማግሌ ተላከ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አንዲት እህታችን ሦስተኛውን ገቢር ብቻ በሲዲ ገልብጣ ቤታቸው ወሰደችላቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁላችንም ቀድመው መጡ። ይቅር ብለው እንዳይመስላችሁ። እስከ ዛሬ ድረስ የሁለተኛው ገቢር የድል ሰልፍ፣ ያ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ባንድ የሚያውቁት ረጅም መለከት፣ ሲጀምር ከክፍሉ ይወጣሉ። «ኢትዮጵያውያን በሰንሰለት ሲነዱ ቁጭ ብዬ አልሰማም» ይላሉ። በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ገቢር ሲደርስ አንድ ሰው ሄዶ ይጠራቸዋል።

እሳቸው ያነሡትን ነገር አቅልለን አላየነውም። ከሮም ኦፔራ ቤት ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲኬድ ያለው የባቡር ጣቢያው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልትም ያን ጊዜ እዚያው ሮም ቆሞ ነበር፤ አገሩ የገባው በ2005 ነው። ፕራይስ አገሯን ዳግመኛ የማታይ ኢትዮጵያዊት ሆና ስትዘፍን፣ ከአገሩ የተነቀለ እውነተኛ የአክሱም ድንጋይ በዚያው ከተማ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንሰማዋለን? መልሱ ያለው በዚያ በሦስተኛው ገቢር ነው። ሌሊት ነው፤ ቦታው የዓባይ ዳር። ቫዮሊኖቹ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዘው እንደ ውኃ ላይ ጭጋግ ይንሳፈፋሉ፤ በላያቸው ፍሉት ይመጣል። የፍሉቱን ነገር ስንሰማ ከመካከላችን ዋሽንት ያላሰበ የለም። አይዳ ወዳጇን እየጠበቀች ብቻዋን ናት፤ የአገሯን ሰማይና ኮረብታ ታስባለች፤ ዳግመኛ እንደማታያቸውም ታውቃለች። የፕራይስ የታችኛው ድምፅ ጭስ እንደ ገባበት ሻከር ያለ ነው፤ እሱን ይዛ ቀስ በቀስ ትወጣለች። ከላይ ሶፕራኖዎች ሁሉ የሚፈሩት አንድ ድምፅ አለ። ብዙዎች እየጮሁ ነው የሚደርሱበት፤ ቬርዲ ግን በለሰለሰ ድምፅ እንዲዘፈን ነው የጻፈው። ፕራይስ ስትደርስበት ድምፅዋ ይሰፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ከዚያ ትወርዳለች። ጣልያንኛ ከማንችለው ብዙዎቻችን ማንም ትርጉሙን ጠይቆ አያውቅም።

አንዲት እህታችን እናቷ ጎንደር ያረፉት በ1986 ነው። በዚያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው እንደሚያውቀው መሄድ አይቻልም፤ የሄደም መመለሱን የሚያውቅ የለም። መርዶውን ሲልቨር ስፕሪንግ ሰማች፣ ሦስት ቀን ተቀመጠች፣ ሥራ ገባች። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንኑ ሸክላ በስብሰባችን ላይ ስትሰማ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ተከትለናት ስንገባ፣ «እናቴን አሁን ገና አለቀስኳት» አለችን። ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሜትሮፖሊታንን ኦፔራ በሬዲዮ ሲከታተል የኖረ ነው። ይህቺ ዘፈን ስትመጣ ተሳፋሪ ቢኖርም ባይኖርም ዳር ይዞ ይቆማል። አንድ ጊዜ ተሳፋሪው ሒሳብ አልከፍልም ብሎታል።

አሁን ደግሞ ስለ ጃኑዋሪ 3 ቀን 1985 እንናገር። ከገና በፊት አራት ቀን ሲቀር ማለት ነው። የዚያን ሰሞን የአሜሪካ ቴሌቪዥን የኢትዮጵያን ስም የሚያነሣው በረኃብ ብቻ ነበር። ማታ ማታ የኮረምን ሜዳ እያየን አንገታችንን ደፍተን ሥራ እንገባ ነበር። በዚያ ምሽት ሌዎንቲን ፕራይስ የኦፔራን መድረክ የምትሰናበትበት ትርኢት ከኒውዮርክ በቀጥታ በሕዝብ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ የመረጠችው አይዳን ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ዘጠኝ ሆነን አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። የሦስተኛው ገቢር ዘፈን ሲያልቅ አዳራሹ ተነሣ፤ ጭብጨባው ደቂቃዎች ፈጀ። ዝም ብላ ቆመች። ፊቷን ለመግዛት ስትታገል ካሜራው ያሳያል። እኛም በየበኩላችን ፊታችንን ለመግዛት እየታገልን ነበር። በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ስም ተጠርቶ ሕዝብ የቆመው ለክብር ነው።

ያን ምሽት ያላሰብነውን አንድ ነገር ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያገናኘነው። አይዳ የምትባል እውነተኛ የኢትዮጵያ ልዕልት ነበሩን፤ ልዕልት አይዳ ደስታ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ። የተወለዱት እንደ ፕራይስ በ1927 ነው። ልጅ ሳሉ በወረራው ምክንያት ተሰደው እንግሊዝ አገር ኖሩ፤ አባታቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን ጣልያኖች በፌብሩዋሪ 1937 ረሸኗቸው። በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ ታሰሩ፤ የተፈቱት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1988 ነው። በ2013 አረፉ። ኒውዮርክ ላይ አንዲት አይዳ ቆማ ሲጨበጨብላት፣ ሌላዋ አይዳ አዲስ አበባ እስር ቤት ውስጥ ነበሩ። ይህን ያወቅን ቀን ሸክላውን አላጫወትነውም፤ ቡና ጠጥተን ተበተንን።

አይዳ ዛሬ የራሳችን ስም ሆኗል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብንጣራ ሁለት ሦስት ሰው ዘወር ሳይል አይቀርም። በአረብኛ ተመላሽ፣ የምትመለስ ማለት ነው። ኦፔራው ውስጥ ያለችው አልተመለሰችም። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ተመልሰን ያየን አለን፣ ተመልሰን የመጣነውን ቤት ያላገኘን አለን፣ ዛሬም መሄድ የማንችል አለን።

ሸክላውን ይዘነው መጥተናል። ዳር ዳሩ ትንሽ ተጭሯል፤ መጀመሪያ ላይ ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ። የምናጫውተው ያቺን አንዲት ዘፈን ነው፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ትወስዳለች። ቡና የምታፈሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን እስከዚያው ሲኒዎቹን ባታንቀሳቅሷቸው ደስ ይለናል። ቅድም ኬኩ ሲቆረስ ልጆቹ ባለማወቅ የድል ሰልፉን ስላጫወቱት አባታችን ወጥተዋል። በረንዳ ላይ ናቸው፤ እባካችሁ አንድ ሰው ይጥራልን።