ሮዝ ቀለምና ካርታ

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ የእጅ ቦምብ ሲፈነዳ የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ምርመራውን ለማገዝ መጥተው ነበር። ለመሆኑ ዳኛ የፈንጂ ባለሙያን ምን ያህል ይመን?

እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም፣ እ.ኤ.አ. 1974። ፈንጂ 21 ሰው ገደለ። አንድ ኬሚስት የተጠርጣሪዎችን እጅ ጠርጎ ኬሚካል ሲጨምርበት የሁለቱ ሮዝ ሆነ። ናይትሮግሊሰሪን ለመንካታቸው 99 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ሲል መሰከረ። መቶኛውን ከየት እንዳመጣው እንጃ! ስድስት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

እጃቸው ሮዝ የሆነው ሁለቱ ግን ባቡር ላይ ካርታ ሲጫወቱ ነበር። የካርታው ልባጥም ያንኑ ሮዝ ያመጣል። ስድስቱም እ.ኤ.አ. በ1991 ተፈቱ።

ሆሳዕና ችሎት የሚቆም ጠበቃ ባለሙያውን አስቀድሞ ይጠይቀው፦ ይህን ውጤት ሌላ ምን ሊሰጥ ይችላል?