ውሃ የመጠጣት ድፍረት



ዛሬ የምናገረው ስለ ሽንት ነው። ይህን ቃል በአዳራሽ፣ በታላላቆች ፊት መጥራት እንደሚከብድ አውቃለሁ። «ወጣ ልበል» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን ጉዳዩን በአደባባይ ለማንሳት ያልፈሩ የሂስፓኒክ ሴቶችና ማኅበሮቻቸው በአሜሪካ የሥራ ቦታ ያመጡትን ለውጥ ላወጋችሁ ስለመጣሁ ቃሉን ሸፍኜ ማለፍ አልችልም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከራሴ ልጀምር። ዋሽንግተን አካባቢ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። በቀን 15 ክፍል ይደርሰኛል። ይህም 15 ሽንት ቤት ማለት ነው። ሁሉንም ተንበርክኬ አጥባለሁ፤ አንዱንም ግን መጠቀም አይፈቀድልኝም። የሠራተኞች ሽንት ቤት የነበረው ምድር ቤት ነው። የዕቃ ሊፍቱን ጠብቄ ወርጄ እስክመለስ ሩብ ሰዓት ያልፋል፤ በሩብ ሰዓት ደግሞ ግማሽ ክፍል ይጸዳል። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም። ሽንቴ ማቃጠል ሲጀምር ለማንም አልተናገርኩም፤ ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል እያፈላሁ ጠጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጎኔን ወግቶ ይዞ አንቀጠቀጠኝ። ሐኪሟ «በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጫለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ሕመሙ ከፊኛዬ አልፎ ኩላሊቴ ደርሶ ነበር።

ሽንት ሲወርድ ጀርሞችን አጥቦ ይወስዳል። ሲቋጠር ግን ጀርሞቹ ለመራባት ጊዜ ያገኛሉ፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ አጥቦ የሚያወርድ ሽንት ያንሰዋል። የሴት የሽንት ቧንቧ ከወንዱ በጣም አጭር በመሆኑ ጀርሙ ፊኛዋ ጋ ለመድረስ ብዙ መንገድ የለበትም። እርጉዝ ስትሆን ነገሩ ይብሳል፤ ኩላሊት የደረሰ ኢንፌክሽን ምጥን ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው ራሱ ነው ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚነቅዘው።

ወደ ሥራ ስመለስ አንዲት ኤልሳልቫዶራዊት እናት የጽዳት ጋሪዬ አጠገብ ቆመች። እኛ ከየትም ይምጡ «ስፓኒሽ» ብለን በአንድ ስም የምንጠቀልላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው አገራቸውን ለይተው ያውቃሉ። ታናናሾቿ ሁሉ «ዶኛ» ይሏታል፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። የውሃ ጠርሙሴን አነሳች። ክዳኑ አልተከፈተም። «አንቺም እንደዚያ ነሽ?» አለችኝ። ወደ ምሥራቅ ከመምጣቷ በፊት ካሊፎርኒያ እንጆሪ ትለቅም ነበር። እንጆሪ ከጉልበት በታች የሚቀር ተክል ነው፤ ሜዳው ላይ ሴት የምትከለልበት ቁጥቋጦ የለም። ክፍያው በሳጥን ቁጥር ስለነበር ለመጸዳጃ ርቆ መሄድ ሳጥን ማጣት ነው። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሳይጠጡ መዋልን የተማረችው እዚያ ነው። የእርሻ ሠራተኞችን ስላደራጀችው ስለ ዶሎሬስ ሁዌርታ መጀመሪያ የነገረችኝም እሷ ናት።

አሜሪካ በ1935 ሠራተኞች ተደራጅተው እንዲደራደሩ የሚፈቅደውን ሕግ ስታወጣ የእርሻ ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጋቸው ነበር። ሁዌርታ በ1930 ኒው ሜክሲኮ ተወልዳ ስቶክተን በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ያደገች መምህርት ናት። የለቃሚዎቹ ልጆች እየራባቸው፣ ጫማ ሳይኖራቸው ክፍሏ ሲገቡ እያየች ፊደል ማስቆጠሩ አልዋጥ አላት፤ ማስተማሩን ትታ ወላጆቻቸውን ወደ ማደራጀት ገባች። በ1962 ከሴሳር ቻቬዝ ጋር የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረተች። በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴላኖ አካባቢ የወይን እርሻ ላይ ፊሊፒኖ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ማኅበሯ ተቀላቀለ፤ አድማው 5 ዓመት ፈጀ። በ1970 ባለ እርሻዎቹ ውል ሲፈርሙ ከማኅበሩ ወገን ዋና ተደራዳሪ ሆና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች፤ የብዙ ልጆች እናት።

በእነዚያ ውሎች ውስጥ የገባውን ተመልከቱ፦ የሚጠጣ ንጹህ ውሃ፣ ሜዳው ላይ ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠቢያ፣ የእረፍት ጊዜ። ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይም ውሉ ከለከለ፤ መንግሥት በአገር ደረጃ ያገደው በ1972 ነው። እጅ መታጠቢያው ለንጽሕና ብቻ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒት በተረጨበት ወይን ውስጥ የዋለ እጅ ነው ምሳ የሚቆርሰው፣ ማታ ሕፃን የሚያቅፈው። ያ እጅ የእናት እጅ መሆኑን የምታውቅ ሴት ድርድሩ ላይ ባትኖር ኖሮ ስለ ደመወዝ ብቻ ተወርቶ ሊያበቃ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚያው በ1972 አሪዞና ውስጥ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው «እዚህ አይቻልም» ሲሏት «ሲ ሴ ፑዌዴ» ብላ መለሰች። በእኛ ቋንቋ «ይቻላል» ነው፤ ሯጩ ኃይሌ በሁላችንም አፍ ያስገባው ቃል።

ማኅበር የሌለው እርሻ ግን በውል አይገዛም፤ ሕግ ያስፈልገዋል። በ1972 የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለእርሻም ሽንት ቤትና ውሃ የሚያስገድድ ደንብ እንዲያወጣ ጥያቄ ቀረበለት። የተጠየቀው የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኛ በደንብ ያገኘው ነው። መሥሪያ ቤቱ አዘገየ። ኤል ኮንግሬሶ የተባለው የሂስፓኒክ ዜጎች ጉባኤ ፍርድ ቤት ሄደ። አንዱ ዳኛ ሲፈርድ ሌላው ሲመልስ፣ ሚኒስትር መጥቶ ሚኒስትር ሲሄድ፣ በ1985 ጭራሹን ደንቡ አይወጣም ተባለ። በ1987 መጀመሪያ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መንግሥትን አስገድዶ በዚያው ዓመት ደንቡ ወጣ። 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ በሜዳ የሚያሠራ እርሻ ለየ20 ሰው አንድ ሽንት ቤትና አንድ እጅ መታጠቢያ ማቅረብ አለበት፤ ርቀቱም ከሩብ ማይል፣ ማለትም ከ400 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ። ከ14 ዓመት በላይ የተሟገቱት ለዚህ ነው። በ1972 ሜዳ ላይ ታቅፋ የዋለች ሕፃን በ1987 ራሷ ለቃሚ ለመሆን ደርሳለች።

ሕጉ ወጣ ብዬ ልዘጋው አልችልም። በ2008 እዚያው ስቶክተን አጠገብ አንዲት የ17 ዓመት እርጉዝ ልጅ በወይን እርሻ ሙቀት ውስጥ ወድቃ ሞተች፤ ካሊፎርኒያ የሙቀት ደንቧን ካወጣች 3 ዓመት ሊሞላት ነበር። የሽንት ቤቱም ነገር እንደዚያው ነው፤ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ እንድትሄጂ መፈቀዱ ሌላ ነው፤ ሄደሽ ስትመለሺ ገንዘብሽ አለመጉደሉ ደግሞ ሦስተኛው ነው። በሳጥን የምትከፈል ለቃሚና በክፍል ብዛት የምትለካ ጽዳት ሠራተኛ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የመሪነት ትልቁ ሥራ ያለውም በዚህ በሦስተኛው ላይ ይመስለኛል፤ እስካሁን ያላለቀውም እሱ ነው።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ፤ ዶኛ ጠርሙሴን ባነሳች በማግሥቱ በጠዋቱ ስብሰባ እጇን አወጣች። የማዕረግ ስም የላትም፤ አለቃ አይደለችም፤ እንግሊዝኛዋ ከኔ ያነሰ ነው። «ውሃ እንጠጣለን፤ ስለዚህ ሽንት ቤት እንሄዳለን። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተቆለፈው ይከፈት» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከእኛ ከሐበሾቹ አንዳችንም ቀና አላልንም፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሳምንቱ ሁለት ፊሊፒኖዎች ደገፏት፤ በወሩ እኔ አፌን ከፈትኩ። የሰባተኛ ፎቁ ተከፈተ። የክፍሉ ቁጥር ግን ከ15 አልወረደም።

ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በሆቴል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በአየር ማረፊያ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ከ1998 ጀምሮ የፌዴራሉ መመሪያ አሠሪ ሽንት ቤት ያለበቂ ምክንያት እንዳይከለክል ይላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለእርጉዝ ሠራተኛ፣ ከባድ ችግር ካልሆነበት በቀር፣ ተጨማሪ የውሃና የሽንት ቤት እረፍት የመስጠት ግዴታ አለበት። የምታጠባ እናት ወተቷን የምታልብበት፣ ሽንት ቤት ያልሆነ፣ ከሰው ዓይን የተከለለ ቦታ ማግኘቷም ከወለደች እስከ አንድ ዓመት በሕግ የተጠበቀ ነው።

ዶኛ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የጋሪዬን ጎን በጣቷ አንኳኩታ «አጉዋ» ትለኝ ነበር፤ ውሃ። እስክጠጣ ቆማ ታየኛለች።

አሁን አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት 10 ደቂቃ እናርፋለን። ውሃው ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሽንት ቤቱ ስትወጡ በስተግራ።