ውሻው የነከሰ እንደ ሆነ አላፊው ማነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ውሻ ንክሻ እንናገራለን ብለን ማስታወቂያ በለጠፍን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሳቁብን። «አገሩ በስንት ታላላቅ ጉዳይ ተይዞ ሳለ እናንተ የውሻ ነገር ታነሣላችሁን?» አሉን። ሳቁን አልጠላነውም፤ ሳቅ ሰው ይሰበስባልና። ነገር ግን እዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል፥ እሱም ሆነ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው በውሻ ተነክሶ የማያውቅ እጁን ያውጣ ቢባል፥ የሚወጣው እጅ ብዙ አይመስለንም።

ውሻ በነከሰ ጊዜ በየሰፈራችን የሚሆነው ነገር አንድ ዐይነት ነው። ባለ ውሻው ከግቢው ብቅ ይልና «ይህ ውሻ እኮ ሰው ነክሶ አያውቅም» ይላል። የልጁ እናት ትጮኻለች፤ ጐረምሶች ድንጋይ ያነሣሉ፤ ጐረቤት ይሰበሰባል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካከል ይገቡና «እንስሳ ያደረገው ነው፥ ሰው አላደረገው፤ የመርፌውን ይክፈልና ይብቃ» ይላሉ። ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። እኛ ዛሬ ማታ የተነሣነው፥ ሕጉም እዚያው ላይ ያልቃል ወይ ብለን ለመጠየቅ ነው።

ሕጉ እዚያ ላይ አያልቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ስለሚደርስ አላፊነት በሚናገርበት ክፍል፥ በቁጥር 2071፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆንም፥ አላፊነቱ አይቀርለትም። እንግዲህ «ነክሶ አያውቅም ነበር» የሚለው ቃል በሰፈር ሸንጎ ቢያዋጣ እንጂ በዳኛ ፊት ዋጋ የለውም። ቁጥር 2086 ደግሞ ሌላውን ማምለጫ ይዘጋበታል። ጥፋት አላደረግሁም፥ ልከላከለው አልቻልሁም፥ ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ነው ብሎ ነፃ ሊወጣ አይችልም። አላፊነቱ የሚቃለልለት ተጎጂው ራሱ ያጠፋ እንደ ሆነ ነው። አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ወይም የታሰረ ውሻ በዱላ እየነካካ የሚያስቆጣ ጐረምሳ ሙሉ ካሣ ልቀበል ቢል አይሆንለትም። አንኳኩቶ፥ በሩ ተከፍቶለት፥ ቆጣሪ ሊያነብ የገባ የመብራት ሠራተኛ ግን ምን ጥፋት አለበት?

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አንድ ጓደኛችን «ጥፋት የሌለበትን ሰው ማስከፈል ግፍ ነው» ሲል ተከራከረን። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ግን ይህን ሐሳብ እንደ አዲስ አላመነጩትም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም የእንስሳን ባለቤት፥ እንስሳው በእጁ ሳለም ሆነ አምልጦት፥ አላፊ ያደርገዋል። ምክንያቱ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ውሻ ያሳደረ ሰው ሌሊት እንቅልፉን የሚተኛው በውሻው ጩኸት ተማምኖ ነው። ጥቅሙ ለእርሱ ሆኖ ጉዳቱ በመንገድ አላፊው ላይ ብቻ ይውደቅ ማለት፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ የባሰው ግፍ እርሱ ነው።

እስካሁን ያልነውን የሰማ ሁሉ ተነካሹ ረታ ብሎ ይደሰት ይሆናል። ሕጉን ሦስት ቁጥር ወደ ታች ወርዶ ያነበበ እንደ ሆነ ግን ደስታው ይቀዘቅዛል። ቁጥር 2074 ጉዳቱን ያደረሰው የቤት እንስሳ ሲሆን ባለቤቱ የእንስሳውን ባለቤትነት ለተጎጂው በመልቀቅ ከአላፊነት ሊድን ይችላል ይላል። በግልጥ አማርኛ፥ የተነከሰው ሰው «ካሣዬን» ሲል ባለ ውሻው ሰንሰለቱን አቀብሎት «እነሆ ካሣህ» ሊለው ይችላል ማለት ነው።

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከሮማውያን የመጣ እጅግ አሮጌ ሕግ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ የተጻፉት የሮማ ዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች፥ ጉዳት ያደረሰ የቤት እንስሳ ባለቤት ወይ ጉዳቱን እንዲከፍል ወይ እንስሳውን እንዲሰጥ ያዙ ነበር። ለበሬ ሲሆን ነገሩ ትርጉም አለው። የገበሬ በሬ የጐረቤቱን ሰው ወግቶ እግሩን ቢሰብረውና በሬውን ቢሰጥ፥ ሀብቱን ሰጠ ማለት ነው፤ ተጎጂውም ያርስበታል ወይም ይሸጠዋል። ውሻ ግን ምን ይደረጋል? በቅርብ ጊዜ በከተማችን ብዙ ብር የሚያወጡ የፈረንጅ ውሾች መታየታቸውን እናውቃለን። የእነዚያ ባለቤቶች ግን፥ እንደምንገምተው፥ ውሻቸውን ከሚሰጡ ካሣውን መክፈል የሚመርጡ ናቸው። የሚሰጠው የደሀው ውሻ ነው፤ የሚቀበለውም ደሀ ነው። ሮማውያን ራሳቸው የውሻ ነገር ከበሬ እንደሚለይ ሳይገባቸው አልቀረም። የገበያና የመንገድ ሹሞቻቸው ባወጡት ዐዋጅ፥ ሕዝብ በሚያልፍበት ስፍራ ውሻ፥ ከርከሮ፥ ድብ ወይም አንበሳ ማኖርን ከልክለው ነበር፤ በዚህ ምክንያት ነፃ ሰው የተጎዳ እንደ ሆነ ባለቤቱ ዳኛው ትክክል ነው ያለውን ያህል ይከፍላል። ውሻን ከአንበሳ ጋር በአንድ መስመር ጽፈውታል።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሚገኘው በቁጥር 2074 በሁለተኛው ንኡስ ቁጥር ነው። ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ጥፋት ወይም እርሱ አላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት እንደ ሆነ እንስሳውን ሰጥቶ መዳን የለም። ከዚህ የተነሣ፥ ተነካሹ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልገውም የተባለው ትምህርት እውነት ቢሆንም፥ የሚበጀው ግን ጥፋቱን ማስረዳት ነው። ያለዚያ ውሻ ተረክቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሩ ተከፍቶ ነበርን? ውሻው ቀን ለቀን ይለቀቅ ነበርን? ከዚህ በፊት ማንን ነከሰ? ክትባት ተከትቧልን? ዘበኛው ነው የለቀቀው ቢባልም ጌታው አያመልጥም፤ የቀጠረው እርሱ ነውና።

እዚህ ላይ በየበሩ ስለሚሰቀለው ጽሑፍ አንድ ነገር ማለት እንወዳለን። «ከውሻ ተጠንቀቁ» ወይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ በቆርቆሮ ያስጻፈ ሰው ከአላፊነት የዳነ ይመስለዋል። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በ79 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ፥ በአንድ ቤት መግቢያ ላይ የታሰረ ውሻ በጠጠር ተሥሎ ከሥሩ በላቲን ይኸው ቃል ተጽፎ ተገኝቷል። በሕጋችን ግን ጽሑፍ የሰቀለ ይድናል የሚል ቁጥር አላገኘንም። ይልቁንም ጽሑፉ በባለቤቱ ላይ ይመሰክርበታል እንላለን። ውሻው ኃይለኛ መሆኑን በገዛ እጁ ጽፎ በር ላይ የሰቀለ ሰው፥ በሩን ክፍት ትቶ ውሻው አንድ ሕፃን መንገድ ላይ ቢነክስበት፥ አላወቅሁም ሊል እንዴት ይችላል? ይህ ማወቅ አለማወቅን የመለየት ነገር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንኳ ይገኛል። በሬ ሰው ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ነፃ ነው፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ያልጠበቀው እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ከዳኛ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በልሃጩ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ማዳን የሚቻል አይደለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ በዚያው ቀንም ለክትባት መሄድ ነው። ሉዊ ፓስተር ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ለዮሴፍ ማይስተር የሰጠው በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ስሙም በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ወላጆቻችን በሆድ ላይ ከዐሥር ቀን በላይ በተከታታይ ይወጉት የነበረው መርፌ ዛሬ በክንድ በሚሰጥ በጥቂት መርፌ ተተክቷልና ያን እየፈራ የሚቀር ሰው አይኑር። ውሻውንም በንዴት መግደል አይገባም። ታስሮ ዐሥር ቀን ደኅና ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው፤ ይህም ለሐኪሙ ትልቅ ምልክት ነው። ለጠበቃውም ቢሆን የውሻው ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚታየው ውሻው ሲኖር ነው።

የሐኪሙን ማስረጃ፥ የመድኃኒቱንና የመጓጓዣውን ደረሰኝ፥ ከሥራ የቀረበትን ቀን ተጎጂው ይያዝ። ካሣው በጉዳቱ ልክ ነው፤ የጉዳቱንም ልክ የሚያስረዳው ከሳሹ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ያልከሰሰ በቁጥር 2143 መሠረት መብቱን ያጣል። የሽማግሌዎቹን ዕርቅ አንጠላም፤ ግን ክትባቱ ሳይፈጸም «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብሎ መፈረም ጥበብ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳንወቅስ አናልፍም። ለሕሊና ጉዳት፥ ማለት ለድንጋጤው፥ ለፍርሃቱ፥ ፊቱ ላይ ጠባሳ ለቀረባት ልጅ ኀዘን፥ ዳኛው ሊፈርድ የሚችለው ካሣ በቁጥር 2116 ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ ከእኛ ከተማሪዎች ይልቅ ገበያ የሚወርዱ እናቶቻችን ያውቁታል። ከመምህራኖቻችን መካከል ሕግ የሚያስተምሩት ስለዚህ ቁጥር ቢጽፉ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። ከምግብ አዳራሹ ጀርባ የሚያድሩትን ውሾች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፍርፋሪ የምንሰጣቸው እኛ ነን፤ ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ በካርቶን ቤት የሠሩላቸውም የሦስተኛው ሕንፃ ልጆች ናቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፥ እኛን ጭራቸውን እየቆሉ ይቀበላሉ፤ ልብስ አጣቢዋን፥ ጫማ ጠራጊውን ልጅ፥ ማለዳ ገብተው የሚያጸዱትን ሴቶች ግን ያባርራሉ። ከእነዚህ አንዱ ነገ ቢነከስ ማንን ይከሳል? አስተዳደሩ ውሾቹ የእኔ አይደሉም ይላል። እኛም የእኛ አይደሉም እንላለን። ቁጥር 2072 ግን እንስሳን ለራሱ ጥቅም በእጁ ያደረገ ሰው፥ ባለቤት ባይሆንም፥ በእጁ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው ይላል። ፍርፋሪ መጣል ብቻውን በእጅ ማድረግ ነው አንልም። ስም አውጥቶ፥ ቤት ሠርቶ፥ ሌሊት ሌባ እንዲጠብቁ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ማሳደር ግን ወደዚያው የተጠጋ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ውሾቹ ይቈጠሩ፤ ከእያንዳንዳችን ጥቂት ብር ተዋጥቶ በእንስሳት ሐኪም ይከተቡ፤ አንገታቸው ላይ ምልክት ይታሰር፤ ጧት ሠራተኞች በሚገቡበት ሰዓት የሚያስራቸው ተረኛ ይመደብ። የበሽታው ሊቃውንት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው ሰባው የተከተቡ እንደ ሆነ በሽታው ይገታል ይላሉ፤ በግቢያችን መቶውንም መከተብ አያቅተንም።

ይህን ሐሳብ ለኮሚቴው ባቀረብን ጊዜ አንድ የሕግ ተማሪ ጥሩ ተቃውሞ አመጣብን። «ከከተባችሁና ምልክት ካሰራችሁ ባለቤት መሆናችሁን በገዛ እጃችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው፤ የተነከሰ ሁሉ እናንተን ይከሳል» አለን። ልክ ነው። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ልብስ አጣቢዋ የተነከሰች እንደ ሆነ የምትከሰው ስም ያለው ሰው እንዲኖራት፥ ካሣውም ከማኅበሩ ሣጥን እንዲወጣ እንፈልጋለን። ለዚህ የማይስማማ ሰው ፍርፋሪውን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይተው።

መዝገቡ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ገጽ የውሾቹ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ አላፊነቱን የምንወስደው ሰዎች ስማችንን የምንጽፍበት ነው። እስከ ቅዳሜ ይቆያል።