አስቀድሞ መስማት፣ ከዚያ ማረም
ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ እንዲመረምር ስለማስተማር

(በነቀምቴ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ዕለት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ እንዲያሻሽል እንዴት ልንረዳቸው እንችላለን የሚል ነው። ስለ ዘዴው ከመናገሬ በፊት ግን አንድ የቆየ ጥፋቴን በፊታችሁ እንድናዘዝ ይፈቀድልኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የወለጋ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼን ለማትጋት በማሰብ፣ አንዱ ጽሑፉን ቆሞ ሲያነብ የቀሩት ስሕተቱን እየለቀሙ እንዲነግሩት አዘዝሁ። ከጊምቢ ወዲያ ካለው የቡና አገር የመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተራው ደረሰና አባቱ ቡና የሚያደርቁበትን ሁኔታ የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ቆመ። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ «ፀሐይ» በማለት ፈንታ «ጠሐይ» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቁን ዝም አሰኝቼ ሰሌዳው ላይ «ፀሐይ» ብዬ ጻፍሁና «ቀጥል» አልሁት። ልጁ ግን አልቀጠለም። ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጻፍ ሲባል ከሦስት መስመር አልፎ አያውቅም ነበር።

ነገሩን ቆይቼ ሳሰላስለው ያፈርሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በኦሮምኛ የ«ፀ» ድምፅ የለም። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ «ፀ»ን ወደ «ጠ» ቢያስጠጋ የሚያስገርም አይደለም። ከዚህም በላይ «ጠሐይ» እና «ጣይ» የሚሉት ቃላት አማርኛ አፍ መፍቻቸው በሆነ በብዙ የገጠር ሰዎች አንደበት የሚነገሩ ናቸው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ በዚያች ሰዓት በክፍሉ ከነበርነው ከስልሳ የምንበልጥ ሰዎች መካከል፣ መምህሩ ጭምር፣ ልጁ ስለ ቡናው ምን ሊነግረን እንደ ፈለገ የሰማ አንድም አልነበረም። ሁላችንም አንዲት ፊደል ስናድን ነገሩ አመለጠን።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው። ተማሪው የጓደኛውን ጽሑፍ እንዲያርም ከማዘዛችን በፊት እንዲሰማው ልናስተምረው ይገባናል። መስማትን ያልለመደ አራሚ የሚያሻሽለው ጽሑፍ የለም፤ የሚያሳፍረው ሰው ብቻ ነው ያለው።

ወደዚህ ሥራ የሚገፋን አንዱ ምክንያት የቁጥር ጉዳይ መሆኑን አልሸሽግም። በአራት ክፍል ውስጥ በእያንዳንዱ 65 ተማሪዎች ያሉት መምህር 260 ወረቀት ይቀበላል። ለአንዱ ወረቀት 6 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 1560 ደቂቃ፣ ማለትም 26 ሰዓት ይፈጅበታል። በከኒሳ ቀሴ ከሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ፣ ይህን ስሌት በዓይኔ ያረጋገጥሁባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ውጤቱም የታወቀ ነው። ተማሪው ወረቀቱን ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀይ ተዥጎርጉሮ ሲቀበል፣ ምን ለማለት እንደ ፈለገ ራሱ ረስቶታል። በዚህ ላይ ብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው መልስ በመምረጥ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ድርሰት መጻፍ ከትምህርቱ ጓሮ እየተጣለ ሄደ። በወለጋ ደግሞ አማርኛ ለአብዛኛው ተማሪ ሁለተኛ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ በትምህርት ቤት ያልጻፈው በሌላ ቦታ የሚጽፈው አይሆንም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ቢቀንስልን እንኳ እርስ በርስ መመርመሩ አስፈላጊ መሆኑ አይቀርም። ልማዱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው በሜዳና በዱር ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በቀጥታ ይዞ መምህሩ ፊት አይቆምም። በትምህርቱ ለገፋው አስነጋሪ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይመለሳል። ቅኔው የኔታ ጆሮ ሲደርስ አስቀድሞ የባልንጀራ ጆሮ ያገኘ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለእኛ ለነቀምቴ መምህራን የቀረበ ምሳሌ አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተነጥቀው ለባርነት ተሸጡ። በምጽዋ ነፃ ወጥተው በዚያና በስዊድን ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሡ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነት በመሆኑ፣ በእርሻው፣ በከብቱ፣ በቤቱና በሽማግሌው አንደበት ያለው የቋንቋው ሀብት በሙሉ በእጃቸው አልነበረም። እርዳታው የተገኘው በምጽዋ አጠገብ ከሚገኘው ከእምኩሉ ትምህርት ቤት ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነፃ ወጥተው በዚያ የተማሩት አስቴር ገኖ ቃላትን አሰባሰቡ፤ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን ከትዝታቸው ጻፉ፤ ለትርጉሙም የቋንቋውን ለዛ ሰጡት። በ1894 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው። በግእዝ ፊደል የተጻፈው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ታተመ። በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ወደ ወለጋ መጥተው በዚችው በነቀምቴ አስተማሩ።

ከዚህ ታሪክ ለክፍላችን የምወስደው አንድ ነገር ነው። በዕድሜና በትምህርት የሚበልጡት ሰው፣ ከእርሳቸው ኋላ የተማረችውን ወጣት ጆሮ ፈለጉ። ጽሑፉ ያማረው አንዱ ሌላውን ስለ በለጠ ሳይሆን፣ አንዱ ያጣውን ሌላው ስለ ያዘ ነው። በክፍላችንም እንዲሁ ነው። በሰዋስው የደከመው ልጅ ስለ ጀንፈል ቡና ከመምህሩ የበለጠ ሊያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልለፍ። ከብዙ ሙከራና ከብዙ ስሕተት በኋላ የጸናሁበት መንገድ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ የሚመረመረው የመምህሩ ጽሑፍ ነው። አንድ አንቀጽ እጽፍና ሰሌዳው ላይ አሰፍረዋለሁ። ጥሩ እንዲሆን አልደክምበትም። ተማሪዎቹም ይጠይቁኛል፤ እኔም ሳልከራከር እያዳመጥሁ በፊታቸው አስተካክላለሁ። መምህር ሲጠየቅ የማይቈጣ መሆኑን ያየ ተማሪ፣ እርሱም ሲጠየቅ አይቈጣም።

ቀጥሎ ተማሪዎቹን ሦስት ሦስት አድርጌ አስቀምጣለሁ። ጸሐፊው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ በዝግታ ያነባል፤ ስለዚህ ወረቀት ማባዛት አያስፈልግም። አድማጮቹ በመጀመሪያው ንባብ ብዕር አይነኩም። ከሁለተኛው በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ይናገራሉ፤ «የገባኝ ይህ ነው» እና «ይበልጥ ለማወቅ የፈለግሁት ይህን ነው»። ስለ ፊደልና ስለ ነጥብ በዚህ ጊዜ መናገር ክልክል ነው። ውይይቱ በፈለጉት ቋንቋ ይሁን። ስለ አማርኛ ጽሑፍ በኦሮምኛ መወያየት ሐሳቡን ያጠራዋል እንጂ አማርኛውን አይጎዳውም።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊው መልስ አይሰጥም፤ ይመዘግባል። ደብተሩን ሲጽፍ የግራውን ገጽ ባዶ ትቶ ስለሆነ የጓደኞቹን ጥያቄ በዚያ ያሰፍራል። የትኛውን ተቀብሎ የትኛውን እንደሚተው የሚወስነው ግን እርሱ ነው።

በመጨረሻም በሌላ ቀን፣ ጽሑፉ እንደገና ከተጻፈ በኋላ፣ ፊደሉና ሥርዓተ ነጥቡ በእርሳስ ይታያል። እኔ የማርመው ይህን ሁለተኛውን ጽሑፍ ነው። ከማርኩም ጥቂቱን ለአድማጮቹ እሰጣለሁ፤ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሠርቷልና።

ፍሬውን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ተማሪ «ቡና ለአገራችን በጣም ጠቃሚ ነው» ብሎ ጀመረ። በያመቱ ከመቶ ደብተር የማነበው ዐረፍተ ነገር ነው። ከአድማጮቹ አንዷ «እናንተ ቤት ቡናው ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። በሁለተኛው ጽሑፉ ሌሊት ደመና ሲያጉረመርም አባት ከመኝታ ሲጣሩ፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ጀንፈሉን ሲያለብሱ፣ ታናሽ እኅት ፋኖስ ይዛ ስትቆም አየን። ያቺ ጥያቄ የፈጸመችውን እኔ በቀይ ብዕር በዓመት አልፈጽመውም ነበር።

ተቃውሞ አይጠፋም። «ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዞ ገደል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ተማሪውን የሰዋስው ዳኛ ብናደርገው ተረቱ እውነት ይሆናል። እኛ ግን የጠየቅነው «አልገባኝም» እንዲል ነው፤ ያልገባውን ከራሱ በቀር የሚያውቅለት የለም። ሌሎች ደግሞ ይሉኝታን ያነሣሉ። ተማሪው ጓደኛውን ላለማስቀየም «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ እንዲሰጥ የማዘው። «መጥፎ ነው» ማለት ያስቀይማል፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ማለት ግን አክብሮት ነው። ጊዜም ይባክናል ይባላል። አዎን፣ ከአንድ ድርሰት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። አራት ድርሰት ሳይሰማ የሚጽፍ ተማሪ ግን ሁለት ጽፎ ከተሰማው የተሻለ አይማርም።

በውጭ አገርም የተደረገ ጥናት ይህንን ይደግፋል። ሉንድስትሮምና ቤከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ሰዎችን በሁለት ከፍለው ተመለከቱ፤ ውጤቱንም በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አንዱ ወገን የሌሎችን ጽሑፍ እየመረመረ አስተያየት መስጠትን ብቻ ተማረ፤ ሌላው የተሰጠውን አስተያየት መጠቀምን ብቻ ተማረ። በራሳቸው ጽሑፍ ይበልጥ የተሻሻሉት ሰጪዎቹ ሆነው ተገኙ፤ ከሰጪዎቹም መካከል ይበልጥ የተጠቀሙት በቋንቋው ጀማሪ የነበሩት ናቸው። እንግዲህ ደካማውን ተማሪ ከመመርመር ሥራ የምናርቀው ከሆነ፣ ይበልጥ ከሚጠቅመው ነገር አራቅነው ማለት ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ያ ወረቀቱን አጥፎ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። አባቱ ቡናውን እንዴት እንደሚያደርቁም ሳልሰማ ቀረሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ ማረም እችል ነበር፤ የጎደለው እርማት አልነበረም። የጎደለው «ከዚያስ?» የሚል አንድ ሰው ነበር። በመጪው ሳምንት ወደየክፍላችን ስንመለስ፣ ከጊምቢም ሆነ ከሻምቡ፣ ከነጆም ሆነ ከደምቢ ዶሎ የመጣችሁ ሁሉ፣ ከአንድ ክፍል ጀምራችሁ ይህን እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጫጫታ ይበዛበታል፤ አትደንግጡ። ጫጫታው ልጆች ስለ ጽሑፍ ሲነጋገሩ የሚሰማ ድምፅ ነው።