ሞጁል የመንቀልና የመሰካት ሥርዐት



በሊቃውንቱ በታወቀው በዲማና በአካባቢው ደጋ የበጋው አየር ደረቅ ነው። ደረቅ አየር ደግሞ በሰው ገላ ላይ የስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ሰው ንዝረቱን የሚያውቀው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ግን ከ100 ቮልት በታች ይጎዳል። እንግዲህ ጉዳቱ የሚደርሰው ባለሙያው ሳያውቀው ነው። የተጎዳው ሞጁል ከወራት በኋላ ሥራ ቢያቋርጥ፣ መለዋወጫው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከአዲስ አበባ ተጉዞ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ባለጉዳይ ይጉላላል።

ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ የሰርቨሩ ሣጥን ከመሬት መስመር ጋር መገናኘቱን ያረጋግጥ፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ መስመሩ እንደሚዳከም አይርሳ። የእጅ ማሰሪያውን ቀለም ካልተቀባ ብረት ላይ ያያይዝ። ሞጁሉ ኃይል ሳይቋረጥ የሚነቀል ካልሆነ ሰርቨሩን ያጥፋ፤ የሚነቀል ከሆነም በትእዛዝ ሥራውን አስቁሞ የፈቃዱን መብራት ይጠብቅ። ከዚያም ሁለቱን መንቀያዎች በአንድነት ከፍቶ፣ ከሥር ደግፎ፣ ቀጥ አድርጎ ይሳብ። ሲሰካ በሐዲዱ ያስገባ፤ እምቢ ካለ አያስገድድ፣ አውጥቶ እሾሁን ይመልከት። የታጠፈ እሾህ ከሞጁሉ አልፎ ሣጥኑን ያሰናክላልና።

ባዶ የቀረውንም ቦታ በክዳን ይዝጋ። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ማቀዝቀዣው የሚያባክነው ነፋስ የለውም።