በጓዳ የተቀመጠው ጠመንጃና የካህኑ ድርሻ
(በኮንጋ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተሰጠ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ሰላም በጠቅላላው መናገር ቀላል ነው። ሰላምን እጠላለሁ የሚል በዚህ ጉባኤ አይገኝም፤ ሁላችን አሜን ብለን እንለያያለን። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በየጓዳው ተጠቅልሎ ስለ ተቀመጠው ጠመንጃ ነው።

ሕዝባችን መሣሪያን ለምን እንደሚመኝ ሳንረዳ ብንገሥጸው አይሰማንም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ የባለርስቱ ግብር ቢከብደው በተነሣ ጊዜ፣ በሚችሌ ጦርና ገጀራ ይዞ ከጠመንጃ ፊት ቆሟል። ያንን ቀን ከአባቶቹ የሰማ ልጅ ጠመንጃ የሌለው ሰው መብት የለውም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሐሳቡ ግን ወዴት እንደሚያደርስ በ1990 ዓ.ም.፣ ከዚያም በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. አይተናል። አብረው የሚገበያዩና በጋብቻ የተዛመዱ የጌዴኦና የጉጂ ሕዝቦች ተጋጭተው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀየው ወጣ። የሚበዛው ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለ ጌዴኦ ነበር፤ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ጉጂም ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። በይርጋ ጨፌ፣ በኮቸሬና በገደብ ትምህርት ቤቱ፣ የመንግሥት ቢሮው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በተፈናቃይ ተሞላ። ቤት ተቃጠለ፤ ቡናና እንሰት ተቆረጠ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። ልማት ብለን ችግኝ የምናፈላ፣ ምንጭ የምናጎለብት ሰዎች የዓመታት ድካማችን በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚጠፋ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

መሣሪያን የሚያበዛው ከክፋት ይልቅ ፍርሃት ነው። ጎረቤቱ ገዛ ሲባል እርሱም ይገዛል፤ የእርሱን መግዛት የሰማው ሦስተኛውም ላሙን ይሸጣል። ለሩቅ ጠላት ተብሎ የተገዛው ጠመንጃ ግን የሚያድረው ከቤተሰብ ጋር ነው። እንደ እኛ ባለ መሬት በጠበበበት አገር በእንሰት አጥር ክርክር፣ በመጠጥ ቤት ቃል፣ በወንድማማቾች ውርስ ጊዜ በእጅ የሚገኘው እርሱ ነው። ዱላ ቢሆን ኖሮ በሽማግሌ ያልቅ የነበረው ጠብ በጥይት ሲሆን ወደ መቃብር ይወርዳል።

ቅዱስ ጴጥሮስን እናስታውስ። ሰይፉን የመዘዘው ለዝርፊያ አልነበረም፤ ጌታውን ሊያድን ነው። ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት ማን ሊያቀርብ ይችላል? ጌታችን ግን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ የተቆረጠውንም የባሪያውን ጆሮ ፈወሰ። ሁለተኛውን ነገር ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። በቅዳሴያችንም ከቁርባን አስቀድሞ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ እንታዘዛለን። በልቡ ደም ሊመልስ የቆረጠ ሰው ያን ሰላምታ ለማን ይሰጣል? ቀኖናችን ነፍስ ያጠፋን ካህን ከክህነቱ የሚሽረው፣ ጥንትም ደም የተቃባ ሰው በደብርና በገዳም ሲማጠን እንዳይነካ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ያ የመማጠኛ ቅጽር ጠመንጃ የተንጠለጠለበት ትከሻ የሚታይበት ሊሆን አይገባም፤ በጥምቀት ቢሆን፣ በቀብርም ቢሆን።

«ሌላው ሳይፈታ እኔን ፍታ ትሉኛላችሁ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣባችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሲጠይቀው ደግሞ በስብከት ብቻ አይመለስም። ስለዚህ ልኩን እንወቅ። መሣሪያን መመዝገብና መሰብሰብ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የመንግሥት ሥራ ነው። ካህን መሣሪያ ሰብሳቢ አይሁን፤ በአደራም ቢሆን በዕቃ ቤት አያስቀምጥ። በንስሐ የሰማውንም ለማንም አያወጣም። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው መሣሪያ የያዘውን ልጁን በሕግ መንገድ እንዲሄድ ሊመክረው፣ በቀልን የሚያስበውንም እርቅ እስኪያደርግ ከቁርባን ሊያቆየው ሥልጣን አለው። የቡናው ገንዘብ በሚገባበት ወራትም ምን ሊገዛበት እንዳሰበ መጠየቅ የንስሐ አባት ወግ ነው። የልጅ ትምህርትና የቆርቆሮ ክዳን ሳይሟላ ጥይት የሚገዛ አባወራ ካለ ያንን ማወቅ ያለበት ማን ነው?

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነፍስ ከጠፋ በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናት ነው። የሁለተኛው ሰው ሞት የሚወሰነው በለቅሶ ቤት ነው። ሬሳው ገና ሳይነሣ «ወንድ የለም ወይ?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወጣቶቹ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። በዚያች ሰዓት ካህኑ ፍትሐት አድርሶ፣ ቡና ጠጥቶ ቢሄድ ሥራውን ግማሽ ሠርቷል። ይቀመጥ። ከሟች ወንድሞች አጠገብ ይደር። ሁለተኛው ካህን ደግሞ ወደ ገዳይ ወገን ይሂድ፤ ተጠርጣሪው እጁን ለሕግ እንዲሰጥ፣ ዘመዶቹም ከመንገድ ገለል እንዲሉ ይንገራቸው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ለሁለቱም ካህናት መንገድና ስንቅ ያዘጋጅ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ አስቀድሞ መመደብን ግን ይጠይቃል። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ማን ይሂድ ተብሎ ስብሰባ አይጠራምና።

ይህን ብቻችንን አንወጣውም። በዚህ ዞን የሚበዛው ክርስቲያን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባል ነው፤ ስለ አንድ ሟች ሁለት መጋቢና አንድ ቄስ አብረው ቢቀመጡ ሃይማኖታችን አይጎድልም። የሶንጎው ሽማግሌዎችና የሁለቱ ወገን አባ ገዳዎችም አሉ። የጎንዶሮ እርቅ ከጌዴኦና ከጉጂ ጋር ረጅም ዘመን የኖረ ነው። በእርዱ ሥርዓት ካህን አይካፈልም፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ፤ አይከፉበትምም። እውነቱ እስኪወጣ፣ ካሣው እስኪቆረጥ ድረስ ግን አጠገባቸው መቀመጥ ይችላል። ለይስሙላ የተደረገ፣ እውነቱ ያልተነገረበት እርቅ ሲፈርስ አይተናልና የሚቸኩሉ ሹማምንት ሲመጡ ቀስ በሉ ማለትም ያስፈልጋል።

ሰበካ ጉባኤዎች ከዚህ ስትመለሱ በመጀመሪያው ስብሰባችሁ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እለምናለሁ፤ በለቅሶ ቤት የሚቆዩት ሁለት ካህናት እነማን እንደ ሆኑ፣ በቅጽሩ በር መሣሪያ የያዘን ሰው የሚያነጋግረው ማን እንደ ሆነ፣ ከአጎራባች የጉጂ አጥቢያ ጋር የሚገናኘው ማን እንደ ሆነ። ስማቸውን ለወረዳው ቤተ ክህነት አስታውቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።